ሰማንያ ስምንተኛው መስመር

የካቲት ነው። ዊኒፔግ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ወርዷል፤
ሳርጀንት ጎዳና፣ ምድር ቤት፣ ቦይለሩ ያስላል፣ ደግሞ ዝም ይላል።
ከፊቴ ጥቁር መስኮት፣ በጥጉ የምትርገበገብ ጭረት፣
ከጎኔ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ውስጡ ስድስት ፍሎፒ ዲስኬት፤
በላያቸው በእስክርቢቶ፦ «ዕድር፣ ከሰማንያ ሰባት
እስከ ዘጠና አራት»።

የዚያን ዘመን ፊደላችን የራሱ ወንበር አልነበረው፤
በፈረንጅ ፊደል ቦታ ተጠጋግቶ ነው የኖረው።
ጃንጥላ የያዘች «ኦ»፣ ሁለት ነጥብ ያዘለች «ዩ»፣
ፎንቱ ሳለ ነበር እንጂ «መ» እና «ሩ» ሆነው የሚታዩ።
ፎንቱ ሞተ። ጭንብሉ ወደቀ። ጃንጥላና ነጥብ ቀረ፤
ቃለ ጉባኤው ሁሉ የጠርሙስ ስብርባሪ መስሎ አደረ።

መክፈቻው አንድ ቃል ሆነ፣ በየመስመሩ ጫፍ የሚደገም፤
አንዳንዱ ጋ አራት ቁራጭ፣ አንዳንዱ ጋ አምስት፣ የማይደክም።
ጣቴን አስከትዬ ገመትኩ፦ ከ... ፍ... ሏ... ል።
ከሙታን ቀድሞ የተነሣው ቃል «ከፍሏል» ሆነ፤ ያስቃል።
ቀጥሎ «ከፍላለች»። ከዚያ «አልከፈለም» ከነሰበቡ፤
ፊደል ፊደልን እየጎተተ ተሰለፉ፣ ተሰበሰቡ።

መለወጫው ትእዛዝ ትሑት ነው፤ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦
ከምን? ወደ ምን? ብሎ። መልስ ካገኘ ያሳልፋል።
አንዲት ጭረትና አንዲት ፊደል ግን አሉ፣ ከጎኑ ቢጨመሩ
«የማይሻገረውን ጣለው» የሚሉ፣ በዝምታ የሚያሻግሩ።
ምንም አይጮኽም። ፋይሉ ያጥራል፣ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤
መጉደሉን የሚያውቅ፣ አስቀድሞ የቆጠረ ብቻ ይሆናል።
እኔ ያቺን ጭረት አልነካም። ምክንያት አለኝ።

የስሞቹን ፋይል ያበላሸሁት እኔ ነኝ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አዲስ ኮምፒውተር፣ አዲስ ልብ፤
«ላስቀምጥ?» አለኝ። «አዎ» አልኩ፣ ሳላነብ።
መቶ አርባ ሦስት አባላት፣ ከነአባታቸው፣ በአንድ ጠቅታ
ጥያቄ ምልክት ሆኑ። ጥያቄ ምልክት ደግሞ የያዘውን ቦታ
አይለቅም፤ ከሥሩ የተቀበረ የለም፣ ቢቆፈርም፤
ሁሉም አንድ መልክ ነው፤ ወደ ኋላ አይተረጎምም።

መቶ አርባ ሁለቱን ከአንድ የታተመ ወረቀት መለስኩ፤
ሰማንያ ስምንተኛው እጥፋቱ ላይ ነው፤ ለብርሃን ያዝኩ፣
ተቦጭቋል። ከፋይሉ የቀረኝ ይኸው ነው፦

??ነ? ?????

«ነ» የተረፈችው ተራዋ «ኤስ» ወንበር ላይ ስለነበረች ነው፤
ማሽኑ የራሱ መስላው አለፋት።

ጋሽ መርዕድ ጋ ደወልኩ። የዕድሩ ጸሐፊ ነበሩ፤
ሰማንያ አልፏቸዋል፤ መጀመሪያ በስማቸው ጀመሩ፦
«እኔን በዓይኑ ‹ዐ› ነው የጻፍሽኝ፣ ወይስ በአልፋው?»
በዓይኑ ነው አልኳቸው።
«እንግዲያውስ ቀጥዪ። ምንድነው የጠፋው?»

«አራት ፊደል፣ ሦስተኛዋ ‹ነ›» አልኩ። ሰማሁ ሲቆጥሩ፣
ጠረጴዛ ሲያንኳኩ በጣት። «ሙሉነህ!» ብለው ተናገሩ፤
ከዚያ ሣቁ። «ሙሉነህ? እሱማ በሰዓቱ ከፍሎ አያውቅም!»
የክፍያውን ፋይል ከፈትኩ፤ ያኔ እጄ አልደረሰበትም፤
ሰማንያ ስምንተኛ መስመር፣ ሰባት ዓመት፣ ወር ሳይዘልል፦
ከፍላለች። ከፍላለች። ከፍላለች። ከፍላለች ይላል።

በስሟ በኩል ያጠፋኋትን ሴት
ግሡ ደብቆ አቆይቷታል።

«ሴት ከሆነችማ» አሉ ጋሽ መርዕድ፣ «ገላነሽ ትሆናለች፤
ሆስፒታል ወለል የምታጥብ፣ በሌሊት። ኋላ ተንደር ቤይ ሄደች።
መዋጮዋን በፖስታ ትልካለች፤ ሳንቲም አጉድላ አታውቅም።
የአባቷ ስም?...» ዝም አሉ። «ልጄ፣ ጠይቄያትም አላውቅም።»

አራቱን ቦታ ሞላሁ። አምስቱን ግን አልደፈርኩም፤
ለሰው በግምት አባት አልሰጥም።
ማሽኑም ያንኑ ጥያቄ፣ እንደ ያኔው፣ «ላስቀምጥ?» አለ።
አስቀድሜ የድሮውን ገልብጬ ሌላ ቦታ አኖርኩ፣ እንዳለ።
ከዚያ አነበብኩ። ጮክ ብዬ፤ ቦይለሩ እያሳለ፦

ገላነሽ ?????
ከፍላለች።